ውሃው ሲጠራ ዝቃጩ የት ይገባል?

ከየጁ እንስራ እስከ ፕላስቲክ ኬሚካል

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲደርስ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ፍሬው ይቀበለዋል። ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ በመስኮት ይቀርባል፤ ዋጋው ይቆረጣል፤ ፍሬው በፌስታል ተቋጥሮ ይሰጠዋል። ተሳፋሪው ብርቱካኑን ልጦ ይበላና ልጣጩንም፣ ፌስታሉንም፣ ውሃ የጠጣበትን ሃይላንድም በዚያው መስኮት ይወረውራል። ልጣጩ ብዙ ሳይቆይ አፈር ይሆናል። ፌስታሉ ግን ክረምትን ይጠብቃል። ጎርፉ ሲወርድ ከመንገድ ዳር ወደ ፈፋ፣ ከፈፋ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ መስኖ ቦይ ይገባል። ተራው ደርሶት ሌሊት በባትሪ ብርሃን ቦይ የሚከፍት፣ መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ውሃው አልወርድ ሲለው አካፋውን ይሰድዳል፤ ከቦዩ አፍ የሚወጣለት ጭቃ የጠገበ ፌስታል ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ቦይ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች ቤተ ሙከራዎች አንድ ሐሳብ ሲብላላ ቆይቷል። የተጣለ ፕላስቲክን በኬሚስትሪ ለውጦ ለፍሳሽ ውሃ ማከሚያ ማዋል፣ ማለትም ውሃን ያቆሸሸው ነገር ራሱ ውሃን እንዲያጠራ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ ፕላስቲክ ለታከተው ለእኛ አገር ደግሞ ይበልጥ ያጓጓል። ነገር ግን ሰው ውሃን ለማጥራት ብሎ በውሃ ላይ የጨመረው ነገር ሁሉ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ውሃው ከጠራ በኋላ የተረፈው የት ገባ?

እንስራና እንዶድ

መርሳ የምትገኝበት የጁ የውሃን ንጽሕና ከሃይማኖቱ የተማረ አገር ነው። ሙስሊሙ ሳይታጠብ ወደ ሶላት አይቆምም፤ የየጁዋ ዳና ለዘመናት የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆና ኖራለች። ክርስቲያኑም ጸበሉን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። የቤቱም ጥበብ ከዚህ አይርቅም ነበር። በክረምት የደፈረሰ የወንዝ ውሃ በእንስራ ተቀድቶ ያድራል፤ ጠዋት እናት እንስራውን ሳታናውጥ ጥሩውን ከላይ ትቀዳለች፤ ከታች የቀረውን ድፍርስ ጓሮ ትደፋዋለች። ያ ድፍርስ አፈር ነበረና ወደ አፈር ተመለሰ። የዚያ ዘመን ዝቃጭ የማንም ዕዳ አልነበረም።

በወንዝ ዳር ደግሞ ሌላ ነገር ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር፤ እንዶድ። ሳሙና ሳይመጣ በፊት እናቶቻችን የእንዶድን ፍሬ ቀጥቅጠው አረፋውን አውጥተው ልብስ ያጥቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በመሆናቸው ያች ቀን ለድሃ አገሮች ጤና ትልቅ ተስፋ ሆነች። አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎላማ እንስሳትን በእንዶድ ለማጥፋት የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ።

በመስኖ የሚኖሩ የሰሜን ወሎ ቀበሌዎች ቢልሃርዝያን ዛሬም ያውቁታልና የእንዶድ ታሪክ ለሀብሩ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ግን ሌላ ትምህርትም አለ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶድ መጠኑ ሲበዛ ዓሣውንም ይገድላል። የአገር ተክል ስለሆነ ብቻ ከጉዳት ነጻ አይሆንም። አክሊሉ ያየውን ያየው ከማጠቢያው በታች ስለተመለከተ ነው። ውሃ ውስጥ ስለሚጨመር ማንኛውም ነገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከታች የሚኖረው ነው፤ ሰውም ይሁን ዓሣ።

ቧንቧና አሉም

ዘመናዊው ውሃ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በተሳበው ቧንቧ ነው። ከዚያ ገፈርሳ፣ ቀጥሎም ለገዳዲ መጡ። ከግድብ የሚመጣ ውሃ በክረምት ድፍርስ ነውና እንደ እንስራው ማሳደር አይበቃውም፤ ኬሚካል ይፈልጋል።

የዋናው ኬሚካል ስም አልሙኒየም ሰልፌት ነው፤ ባለሙያዎቹ አሉም ይሉታል። አሠራሩን በአንድ ብርጭቆ ማየት ይቻላል። የመርሳን ወንዝ ሐምሌ ላይ በብርጭቆ ቢቀዱት ሻይ በወተት ይመስላል። ደቃቁ ሸክላ አፈር በቀላሉ አይዘቅጥም፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ ቅንጣት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላት አንዷ ሌላዋን ትገፋለች። አሉም ሲጨመር ያ መገፋፋት ይረግባል፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንደ ተባዘተ ጥጥ ይሆናሉ፤ ከብደውም ወደ ታች ይወርዳሉ። ከላይ የጠራ ውሃ፣ ከታች ግራጫ ዝቃጭ ይቀራል። የእንግሊዟ ቦልተን ከተማ ይህን ዘዴ ለሕዝብ ውሃ ያዋለችው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። በእኛም አገር አዳማ አጠገብ አዋሽ መልካሳ ላይ አልሙኒየም ሰልፌት የሚያመርት ፋብሪካ ተቋቁሟል።

አሉም ብዙ ሚሊዮን ሕይወት ያተረፈ ነገር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1988 በእንግሊዝ ኮርንዎል፣ ካምልፎርድ አጠገብ አንድ ሾፌር 20 ቶን አልሙኒየም ሰልፌት በተሳሳተ ገንዳ ገለበጠ። መጠጥ ሊሆን የነበረው ውሃ አሲድ ሆኖ በቧንቧ ወደ ሺዎች ቤት ገባ፤ ክርክሩ ለዓመታት አልበረደም። ማከሚያ ያለ ቦታውና ያለ መጠኑ ሲገባ መርዝ ነው።

ከእናቶች እንስራ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ አንድ ነገር ተለውጧል። የአሉም ዝቃጭ አፈር ብቻ አይደለም፤ አልሙኒየም አለበት። በጓሮ ደፍቶ መርሳት አይቻልም። ዝቃጭ ዕዳ መሆን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሃይላንድና ቆራሌው

አምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በመስታወት ጠርሙስ ሲሸጥ ጠርሙሱ ይመለስ ነበር። ከዚያ ሃይላንድ የሚባል የታሸገ ውሃ በፕላስቲክ መጣ። ስሙ ከምርቱ አልፎ የዕቃው ስም ሆነ፤ ዛሬ የየትኛውም ፋብሪካ ውሃ ይሁን ባዶው ኮዳ ሃይላንድ ነው። ፌስታል ዘንቢልን፣ ጀሪካን እንስራን፣ ማዳበሪያ ስልቻን ተኩ። ጀሪካን ከእናቶች ጀርባ የእንስራን ክብደት አንሥቷልና ፕላስቲክን በጅምላ መርገም ውለታ መርሳት ነው። ክፋቱ ከተጣለ በኋላ የማይሞት መሆኑ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ ዓለም ካመረተችው 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ ውስጥ አገልግሎቱን ጨርሶ ከተጣለው ተመልሶ ሥራ ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

በእኛ አገር ያንን ጥቂት ሥራ የሚሠራው ቆራሌው ነው። «ቆርቆሮ ያለው» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ይህ ሰው ማንም ሳይሾመው የአካባቢ ጠባቂ ሆኗል። ሃይላንዱን ለቅሞ ያስረክባል፤ ተፈጭቶ ለፋብሪካ ይሸጣል። ፌስታልን ግን ቆራሌውም አያነሣውም፤ ቀላል ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ ዋጋ የለውም። የቆሻሻን ዋጋ በሕይወት የከፈልንበት ቀንም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ።

የቦርከና ትምህርት

ለመርሳ ሰው የፋብሪካ ፍሳሽን ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሮላታል። በከተማዋ የሚያልፉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ወደ ቦርከና፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይገባል። በእነዚህ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በለዮሌ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን፣ በወርቃ ደግሞ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ብክለትን አሳይተዋል። ከታች ከብት ይጠጣል፤ አትክልት በመስኖ ይለማል።

ሌላውን መንገድ ሐዋሳ አሳየች። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ሐይቁ አንዲት ጠብታ ፍሳሽ እንዳይለቅቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ውሃው ታክሞ፣ ተጣርቶና ተንኖ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ውሃው በሙሉ ሲወጣ ጨውና ዝቃጭ ይቀራል፤ እሱንም በደህና ቦታ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አዲስ አበባም ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያክም ጣቢያ አቁማለች። ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ከተሞቻችን ግን፣ ወልድያና መርሳ የመሰሉት፣ ገና በጉድጓድ ሽንት ቤትና በመምጠጫ መኪና ላይ ናቸው። ይህን ጉድለት እንደ ዕድልም ማየት ይቻላል። ገና አልጀመርንምና ሌላው የተሳሳተውን ሳንደግም መጀመር እንችላለን።

ፕላስቲኩ ኬሚካል ሲሆን

ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ አሉም ረዳት አገኘ። ፖሊመር የሚባሉት ረጃጅም ሰንሰለት የመሰሉ ኬሚካሎች መጡ፤ ዋናው ፖሊአክሪላማይድ ነው። በጥቂት ግራም ብዙ ጭቃ ያያይዛል፤ ዝቃጩንም ከውሃው በደንብ ይለያል። ነገር ግን የሚሠራው ከነዳጅ ነው፤ ሳይያያዝ የሚቀረው አክሪላማይድ ደግሞ ነርቭን ይጎዳል፤ ካንሰር እንደሚያመጣም ይጠረጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ የመከረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ከነዳጅ አዲስ ፖሊመር ከመሥራት ከተጣለው ፕላስቲክ ለምን አይሠራም? ፕላስቲክም ፖሊመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጃፓን የሶኒ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ሞከሩት። የጀመሩት ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ደረቅ ፎም፣ ከፖሊስታይሪን ነው። ፎሙ አብዛኛው አየር ስለሆነ ማጓጓዙ አያዋጣም፤ ስለዚህ በሚያሟሟው ነገር መጠኑን መቀነስ ነበረባቸው። ማሟሟቻውን ያገኙት ከብርቱካን ልጣጭ ነው። ሊሞኒን የሚባለው የልጣጩ ዘይት ፎሙን እንደ ስኳር ያሟሟዋል። የመርሳ ልጅ ይህን በእጁ መሞከር ይችላል፤ ትኩስ የብርቱካን ልጣጭ በፎም ላይ አጥፎ ቢጨምቅ ዘይቱ የነካው ቦታ ሲሰረጉድ ያያል።

እዚያው ኩባንያ የተጣለ ፖሊስታይሪንን ከሰልፈር ውህዶች ጋር አዋህደው በውሃ የሚሟሟ ፖሊመር አደረጉት፤ ፖሊስታይሪን ሰልፎኔት ይባላል። ውሃ የማይነካው ፎም ውሃ ውስጥ ገብቶ ጭቃ አያያዥ ሆነ። በብራዚልም የኡበርላንዲያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጣሉ የፕላስቲክ ኩባያዎች ያንኑ ኬሚካል ሠርተው በከተማቸው ውሃና ፍሳሽ ላይ የአሉም ረዳት አድርገው ሞክረውታል። ሙከራው እንደሚሠራ ተረጋግጧል። ለአካባቢ ያለው ጥቅምም እውነት ነው፤ ፎሙ ከመቃጠልና ከመጣል ይድናል፤ ለአዲስ ፖሊመር የሚወጣ ነዳጅ ይቀንሳል።

ዕዳው ግን በሦስት ቦታ ተደብቋል። የመጀመሪያው ፋብሪካው ውስጥ ነው። ፕላስቲኩን የሚለውጠው ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን በብዛት ይጨመራል፤ የተረፈው አሲድ በኖራ ካልተገራ ወንዝ ያቃጥላል፤ ሲገራ ደግሞ የጂፕሰም ክምር ይሆናል። ፍሳሽ ለማከም የተሠራ ፋብሪካ ራሱ ፍሳሽ አለው። ሁለተኛው ፕላስቲኩ ይዞት የሚመጣው ነው። ለሕንፃ የሚሆን የቆየ ፎም እሳት እንዳይዘው ኤችቢሲዲ የሚባል ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ተጨምሮበታል። የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ኬሚካል በክልከላ ዝርዝሩ አስገብቶታል። ፎሙ ሳይለይ ከተሟሟ መርዙም አብሮ ወደ ውሃ ማከሚያው ይገባል።

ሦስተኛው፣ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ መጨረሻው ነው። ፌስታል ሲጣል ቢያንስ ይታያል፤ በአካፋ ይወጣል። በውሃ የሟሟ ፖሊመር ግን አይታይም፤ ሰንሰለቱም በቀላሉ አይበሰብስም። ከጭቃው ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ውስጥ ይገባል፤ ዝቃጩ ማዳበሪያ ተብሎ እርሻ ላይ ከተበተነ ለዓመታት አፈር ውስጥ ይቀመጣል። እርግጥ ነው፣ ፖሊስታይሪን ሰልፎኔት አሉታዊ ሙል ስላለው የዓሣን ስንጥብ ከሚያጣብቁት አዎንታዊ ፖሊመሮች ይልቅ ለዓሣ ገር ነው። ለዓሣ ገር መሆኑ ግን ለአፈር ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ጀርመን ይህን አይታ ለእርሻ በሚውል ዝቃጭ ውስጥ ያለ ሰው ሠራሽ ፖሊመር በ2 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 20 በመቶው መበስበስ አለበት የሚል ደንብ አውጥታለች። እኛም ፕላስቲክን ከዓይን ሰውሮ ማሳ ውስጥ ማስገባትን ከማጽዳት ጋር ልናምታታው አይገባም።

ለመርሳ የሚበጀው

እዚህ ላይ ወደ ቦዩ እንመለስ። ከቦዩ አፍ የሚወጣው ፌስታል ፖሊኢትሊን ነው፤ ሃይላንዱ ፔት ነው፤ የተቀደደው ማዳበሪያ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ወደ ኬሚካል በቀላሉ የሚለወጠው ፖሊስታይሪን ደግሞ በመርሳ ቦይ ውስጥ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ይህ ቴክኖሎጂ ነገ ቢመጣ እንኳ የሀብሩን ቦይ አያጸዳም። ቦዩን የሚያጸዳው ፌስታሉ ቦዩ ሳይደርስ ሲቀር ነው። አገራችን ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታልን በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ከልክላ ነበር፤ ሳይፈጸም ኖረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። ያለፈው ሕግ የሞተው በወረቀት ላይ ስለቀረ ነው፤ ይኸኛው እንዳይሞት ገበያው ዘንቢልን መመለስ አለበት።

ሌላም ትምህርት አለን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና መርሳን ለወራት ከመብራትና ከአቅርቦት ቆርጧቸው ነበር። ከሩቅ በሚመጣ ኬሚካል ብቻ የሚጠራ ውሃ መንገድ ሲዘጋ አይጠራም። አማራጭ ግን በአገራችን አለ፤ በደቡብ ወገኖቻችን ዘንድ ምግብ የሆነው የሽፈራው ዛፍ ፍሬው ተፈጭቶ ጭቃን እንደሚያዘቅጥ የታወቀ ነው፤ ዝቃጩም ይበሰብሳል። ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፤ ውሃው ውስጥ የሚተወው ቅሪት ውሎ ሲያድር ያሸታልና መጠኑ መጠናት አለበት። በሀብሩ ምድር የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በመርሳ የግብርና ኮሌጅ፣ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ የተሰደሩ ናቸው። የሽፈራውን ፍሬ በመርሳ የሐምሌ ውሃ ላይ መሞከር፣ ከፕላስቲክ የተሠራውንም ማከሚያ አጠገቡ አስቀምጦ ማወዳደር፣ የሁለቱንም ዝቃጭ ማሽላ ተክሎበት ማየት ከአቅማቸው በላይ አይደለም።

ፍርዴ ይህ ነው። ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠራ የፍሳሽ ማከሚያ አሲዱን ገርቶ በሚያስቀምጥ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ ዝቃጩ ከእርሻ ርቆ እስከተያዘ ድረስ እንደ ኮምቦልቻ ላሉ የኢንዱስትሪ ከተሞች ሊጠቅም ይችላል። ዝቃጩ መሄጃው ላልታወቀ ከተማ ግን መግባት የለበትም። ወደፊት ማንም ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት የጠራ ውሃ በብርጭቆ ይዞ መርሳ ቢመጣ ብርጭቆውን አድንቁለት፤ ከዚያ ዝቃጩን የት እንደሚያደርገው ጠይቁት። ከወንዛችን በታች የሚኖረው አፋር ወንድማችን ነውና፣ መልሱ «ወደ ታች» ከሆነ አትቀበሉት።